በሰው ቤት የሚውሉ ልጆቻችንና ፀሐይ



ለመንግሥት ሠራተኛ እናት ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ዘጠናው ቀን ሲያልቅ እናት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ሦስት ወር የሞላት ሕፃን ግን ወዴት ትሂድ? አያት በቅርብ ያላት ዕድለኛ ናት። ለሕፃናት ማቆያ የሚከፍል ገንዘብ ያለውም መላ አያጣም። የቀረነው ልጃችንን አቅፈን የጎረቤት በር እናንኳኳለን። እኔም ደሴ ላይ በአስተማሪነት ስሠራ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

እማማ (የሠፈሩ ልጅ ሁሉ የሚጠራቸው እንዲህ ነው፤ ስማቸውን ባልጽፍ ይሻላል) የራሳቸውን ልጆች አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ካበቁ በኋላ በቤታቸው የሠራተኛ ልጆች መጠበቅ ጀመሩ። ልጄን ስወስድላቸው አራት ነበሩ፤ የእኔዋ አምስተኛ ሆነች። በራቸው ላይ ምንም ማስታወቂያ የለም። ያላቸው አንድ ሰፊ ክፍል፣ የቆርቆሮ በረንዳ፣ ትንሽ ግቢና በግቢው ጥግ አንድ የኮክ ዛፍ ነው። ልጅ የሚቀበሉት «ቢስሚላህ» ብለው ነው፤ ማታ ሲመልሱም «አማናሽን ተረከቢ» ይላሉ።

በ14ኛው ሳምንት ክትባት ላይ የጤና ባለሙያዋ «ፀሐይ ስጫት፣ ለአጥንቷ ያስፈልጋታል» አለችኝ። እኔም በማግስቱ ጠዋት፣ የተማሪ ደብተር ታቅፌ፣ በር ላይ ቆሜ፣ ሰዓቴን እያየሁ፣ «እማማ፣ ፀሐይ ስጧት ብለውኛል» ብዬ ሮጥኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ክፍለ ጊዜ አልነበረኝምና ላጠባት ብቅ አልኩ። ወሩ ጥቅምት ነበር። ነፋሱ ከጦሳ ተራራ እየወረደ ያንቀጠቅጣል፤ ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል። ልጄ ግቢው መሐል ሰሌን ላይ፣ ልብሷ ወልቆ፣ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግሯ በቅቤ ታሽታ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ ተኝታለች። እማማ አጠገቧ ተቀምጠው በመቁጠሪያቸው ዚክር ያደርጋሉ።

«ጠዋት ጠዋት ብርዱ አላወጣ ብሎኝ ነው ልጄ፤ ሞቅ እስኪል ጠብቄ ነው ያወጣኋት» አሉኝ። ስንት ጊዜ እንደቆየች ስጠይቃቸው «ሰላተ ዱሓ ሰግጄ ነው ያወጣኋት» አሉ። እንግዲህ ይህ ቢያንስ አንድ ሰዓት ነው። አነሳኋት። ቆዳዋ እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ከንፈሯ ደርቋል። የእኛ ቆዳ እንደ ፈረንጅ ቀልቶ ስለማያሳብቅ በዓይን ብዙም አያስታውቅም ነበር። ሌሊቱን ግን ጉንጯን በነካኋት ቁጥር ስትጮህ አደረች። በአራተኛው ቀን ጉንጯና ግንባሯ ተላጠ።

በዚያች ቅጽበት በአፌ የመጣውን ብናገር ኖሮ የማልመልሰው ቃል ይወጣኝ ነበር። አልሐምዱ ሊላህ፣ አልተናገርኩም። ደግሞስ ምን ልል ነበር? «ፀሐይ ስጧት» ያልኩት እኔ ነኝ። መቼ፣ ለስንት ደቂቃ፣ እንዴት የሚለውን አልነገርኳቸውም። ሳልጠይቅ ስለወጣሁ እኔም አላውቀውም ነበር።

ፀሐይ የነፈግነው ልጅ

ከዚያ ቀን በኋላ የመጀመሪያው ሐሳቤ «ከእንግዲህ ልጄ ፀሐይ አታይም» የሚል ነበር። ይህም ሌላ ስሕተት መሆኑን ያሳየኝ እዚያው እማማ ቤት የሚውል ሌላ ልጅ ነው።

ዕድሜው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ሳይዙት አይቆምም። እናቱ ምችን አጥብቃ ትፈራለች። «ከቤት እንዳይወጣብኝ» ብላ አደራ ስላለች ልጁ ጡት በመጥባት ዘመኑ ሁሉ የዋለው ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። ቢወጣም ከነአፍንጫው ተሸፋፍኖ ነው። ሆስፒታል ሲወሰድ እግሮቹ መጉበጣቸውና የእጁ አንጓ ማበጡ ታይቶ «ሪኬትስ ነው» ተባለ። ቫይታሚን ዲ ታዘዘለት፤ ቀስ በቀስም ቆሞ መሄድ ጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጥንት የሚጠነክርበትን ካልሲየም ሰውነታችን ከምግብ ወስዶ እንዲጠቀምበት ቫይታሚን ዲ ያስፈልገዋል። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ዲ ጥቂት ነው። ዋናው ምንጭ ፀሐይ ነች፤ ጨረሯ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ቆዳው ራሱ ይሠራዋል። ይህን የሚያሠራው ጨረር በመስታወት አያልፍምና ልጅን በተዘጋ መስኮት በኩል ማሞቅ ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም።

በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ በአዲስ አበባ የተደረገ አንድ ጥናት አለ። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል ሪኬትስ የተገኘው በ210ዎቹ ላይ ነው። የሳንባ ምች ካልነበረባቸው ሌሎች 500 ሕፃናት መካከል ግን የተገኘው በ20ዎቹ ብቻ ነበር። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ ልጅ በደንብ መተንፈስም ሆነ አክታውን በሳል ማውጣት ይቸግረዋል። እንግዲህ ምችን ፈርተን ከፀሐይ የደበቅነውን ልጅ ለሳንባ ምች እያጋለጥነው ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለእናቶች አንድ ነገር ላንሳ። የእናቲቱ ቫይታሚን ዲ ካነሰ ልጇም ከማሕፀን ይዞ የሚወጣው ያንሳል። ጥፋቱን በሒጃብ የሚያሳብቡ አሉ። ሒጃብ የሚለበሰው ከባዕድ ወንድ ፊት ነው። በአጥር በተከለለ ግቢ ውስጥ ጠዋት እጅጌን ሰብስቦ ከልጅ ጋር መቀመጥን የከለከለ የለም። የሚጎዳን ከቤት አለመውጣታችን ነው።

ብርዱ ያታልላል

እማማ ፀሐዩ «ሞቅ እስኪል» የጠበቁት ብዙዎቻችን እንደምናስበው አስበው ነው፦ ሲሞቅ ፀሐይ አለ፣ ሲበርድ ፀሐይ የለም። ይሁንና ቆዳን የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ነው። ይህ ጨረር በዓይን አይታይም፤ በሙቀትም አይታወቅም።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ የሚገኘው ኮምቦልቻ ከእሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ላቡን እየጠረገ «አቤት ፀሐይ!» ይላል፤ ደሴ ሲመለስ ጋቢውን ይደርባል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 ከመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ስለሚሳሳ ጨረሩን የሚያጣራው ይቀንሳልና። ስለዚህ በጠራ ቀን የሚያቃጥለው ጨረር የሚበረታው ጋቢ በሚያስለብሰው በደሴ ነው። በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃንና በሌሎች ደጋ ከተሞቻችን ያለው ሁኔታም ይኸው ነው።

ደመናም እንዲሁ ያታልላል። እንደ ድርጅቱ ገለጻ ስስ ደመናን ከዚህ ጨረር እስከ 80 ከመቶው ሊያልፈው ይችላል። በእኛ አካባቢ ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአናታችን ቀጥ ብላ የምትውለው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ። ነሐሴ ክረምት ነው፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ልጆቹ ወደ ጭቃው ይሮጣሉ፤ ፀሐይ የሚፈራላቸው የለም።

የጥላው ልክ

እንግዲህ ፀሐይ ትጠቅማለች፣ ትጎዳለችም። ለመሆኑ ድንበሩ የቱ ጋ ነው? ሐኪሞች በአብዛኛው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለውን ፀሐይ ለሕፃናት ያስጠነቅቃሉ። እማማ ግን ሰዓት አያነቡም። አምስት ልጅ የያዘ ሰውም ግድግዳ ላይ ሰዓት ሲቆጥር አይውልም።

በልጅነቴ መድረሳ ስማር ኡስታዛችን ግቢው ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት ተክለው የሰላት ወቅት ያስለኩን ነበር። ጥላው አጥሮ አጥሮ መልሶ መርዘም ሲጀምር ዙህር ገባ። በእኩለ ቀን በነበረው ጥላ ላይ የእንጨቱን ቁመት ያህል ሲጨምር ደግሞ በሻፊዒዮች ዘንድ ዐስር ገባ። (በሐነፊዮች ዘንድ ሁለት ቁመት ነው፤ ይህ ለአሁኑ ጉዳያችን ብዙ ለውጥ አያመጣም።) ከዓመታት በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሒሳብ ክፍል የጥላና የቁመት ነገር ተመልሶ መጣ፦ ጥላ ከቁመት ጋር እኩል ሲሆን ፀሐይዋ 45 ዲግሪ ላይ ናት።

የጤና ባለሙያዎችም ለፀሐይ የሚሰጡት ቀላል መለኪያ ይኸው ነው። ጥላህ ከአንተ ካጠረ ጨረሩ በርትቷልና ወደ ጥላ ግባ፤ ከረዘመ ጨረሩ ለዘብ ብሏል። በመድረሳ የተማርኩትና በትምህርት ቤት የተማርኩት አንድ እንጨት ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ይህን ለእማማ ስነግራቸው ሳቁ። «እኔ መቼ በሰዓት ሰግጄ አውቃለሁ? የበረንዳዬን ምሰሶ ጥላ አይቼ አይደል!» አሉ። በዚያው ቀን ከልጆቹ ትልቁ ቁመት የማይበልጥ ዱላ ግቢው ውስጥ ተከልን። ሥርዓቱም ይኸው ሆነ፦ ጠዋት የዱላው ጥላ ከዱላው ሲረዝም ልጆቹ ይወጣሉ። ጥላው ሲያጥር ወደ ኮኩ ዛፍ ሥር ወይም ወደ በረንዳው ይገባሉ። ዐስር ሲገባ ግቢው መልሶ የእነሱ ይሆናል። በደሴ ይህ በአብዛኛው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ያለው ጊዜ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ጊዜው ያጥራል፤ ዱላው ይህንንም ራሱ ይናገራል።

ለሕፃናቱ አጥንት የሚሆነው ፀሐይ የሚሰጠው እንግዲህ ጠዋት ነው። በጤና ጣቢያዎቻችን በብዛት የሚመከረው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ነው። እጅና እግር ይገለጣል፤ ዓይንና ፊት ግን ይከለላል፤ ሕፃኑ በጀርባው ሰማይ እያየ አይተኛም። ቅቤና ቫዝሊን ፀሐይን አይከላከሉም፤ «ቅቤ ስላለው አይጎዳውም» ብሎ ማቆየት እኔን የደረሰብኝን ያደርሳል። ጠዋቱ ከበረደ ነፋስ በማይነካው ግድግዳ ጥግ መቀመጥ ነው እንጂ ቀትርን መጠበቅ አይደለም።

«እኛ ጥቁር ነን፣ ምን እንሆናለን?»

ይህን ጥያቄ አስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። ከፊል እውነት አለው። ጥቁር ቆዳ አላህ የሰጠው ከለላ አለው፤ የቆዳ ካንሰር በእኛ ላይ ከነጮች እጅግ ያነሰ ነው። ለፈረንጅ የተጻፈውን ፍርሃት ሁሉ እንዳለ መሸከም አይኖርብንም። ነገር ግን የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፤ ይቃጠላል። ዓይን ደግሞ በቆዳ ቀለም አይጠበቅም። የሕፃን የዓይን ሌንስ ከአዋቂው ይልቅ ጨረሩን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። በሀገራችን ዋነኛው የዓይነ ስውርነት መንስኤ የሆነው የዓይን ሞራም ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ ለዘመናት የተጠራቀመ የፀሐይ ጨረር ነው።

እማማ ቤት ከሚውሉት መካከል አንዱ ደግሞ ይህ «ጥቁር ነን» የሚለው ቃል ጨርሶ የማይመለከተው ልጅ ነው። እናትና አባቱ እንደኛው ጠይም ናቸው፤ እሱ ግን ቆዳውም ጠጉሩም ነጭ ሆኖ ተወለደ። አልቢኒዝም ይባላል። አባትም እናትም ሳይታይባቸው የተሸከሙት ነገር በልጁ ላይ ሲገናኝ የሚመጣ ነው እንጂ ከእርግማንም ከማንም ዓይን አይደለም። የመንገድ ልጆች «ፈረንጁ» ይሉታል። እናቱ እማማ ጋ ከማምጣቷ በፊት ሁለት ቤት «አንይዝም» ብለዋታል። እማማ ግን «የአላህ ፍጥረት አይደል? ግባ» አሉት።

ለዚህ ልጅ ፀሐይ የሕይወት ጉዳይ ነው። ቆዳው ጨረሩን የሚመክትበት ቀለም ስለሌለው በደቂቃዎች ይቃጠላል፤ ካልተጠበቀም ገና በወጣትነቱ የቆዳ ካንሰር ሊይዘው ይችላል። ብርሃን ዓይኑን ይወጋዋል፤ ሩቅ አያይም። ስለዚህ የዱላው ሥርዓት ለእሱ አይበቃም። ጠዋትም ሆነ ከዐስር በኋላ ሲወጣ ዙሪያውን ክንፍ ያለው ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ይለብሳል፤ ፊቱና እጁም የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይቀባል። እሱ ብቻውን እንዳይገለል ብለው እማማ ሌሎቹንም ልጆች ባርኔጣ አስደረጉ። አሁን ባርኔጣ የሌለው ልጅ ነው የሚያለቅሰው።

በግቢው ውስጥ

በሱረቱ ነሕል ጥላና ከሙቀት የሚከላከል ልብስ ከአላህ ጸጋዎች መካከል አብረው ተጠቅሰዋል። ዛሬም ሐኪም የሚያስቀድመው እነዚህኑ ሁለቱን ነው፤ ክሬም ከእነሱ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከጥላ ሁሉ የሚሻለው ቅጠሉ የበዛ ዛፍ ነው። የቆርቆሮ በረንዳ ጨረሩን ቢያግድም ቀትር ላይ ሥሩ እንደ ምድጃ ይሆናል፤ ነፋስ የሚያገባ መሆን አለበት። የፕላስቲክ ሸራ የሚዘረጋም ከፍ አድርጎ ይዘርጋው። ጥላ ራሱ ይዞራል፤ ጠዋት ጥላ ላይ የተነጠፈ ሰሌን ከሁለት ሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ነው። እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን እዚያው ረስቶ ወጥ ማማሰል የሚደርስ ነገር ነውና ሰሌኑን እያዩ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

ልብሱ ጠበቅ ያለ ሽመና ቢሆን ይመረጣል። ወደ ብርሃን ሲያነሱት ማዶው የሚታይ ነጠላ ጨረሩንም ያሳልፋል። የታዘለ ሕፃን ፊቱ ወደ ጎን ስለሚዞር አንደኛው ጉንጩ መንገዱን ሁሉ ፀሐይ ሲመታው ይሄዳል፤ ጃንጥላ ለእናትየው ብቻ አይያዝ። በወፍራም ጋቢ ሙሉ በሙሉ መሸፈን ደግሞ ያፍነዋል።

ክሬም የመግዛት አቅም ያለው ኤስ.ፒ.ኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ የሚል ይምረጥ፤ ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆንም ይመልከት። ከመውጣት 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይቀባል፤ በየሁለት ሰዓቱም ይደገማል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ግን መከላከያው ጥላና ልብስ ነው እንጂ ክሬም አይደለም። ለቆዳ ማቅያ የሚሸጡትን ቅባቶች ከዚህ ጋር የምታምታቱ እኅቶች አላችሁና ተጠንቀቁ፤ እነዚያ ለልጅ አይነኩም።

ውሃ ስድስት ወር ላለፋቸው ልጆች ሳይጠይቁ በየጊዜው ይሰጣል። ከዚያ በታች ላሉት የእናት ጡት ነው፤ እናት ከሌለች የታለበ ወተት። ሕፃን ያለ እንባ ካለቀሰ፣ አፉ ከደረቀ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ውሃ አንሶታልና ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ከተቃጠለም ወደ ጥላ አስገብቶ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ የራሰ ጨርቅ ማሳረፍና ጡት ወይም ውሃ ማብዛት ነው። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ዳማከሴ አይቀባም፤ ያበጠው ውሃ አይፈነዳም። ዓመት ያልሞላው ከሆነ፣ ካተኮሰው ወይም ከደነዘዘ የሚታየው በሐኪም ነው።

እማማን በቅርቡ «ለእናቶች የምናገርልዎ ነገር አለ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ጥቂት አሰቡና «በር ላይ ሆነሽ አትንገሪኝ በያቸው። ገብታ ትቀመጥ፣ ቡናዬን ትጠጣና ትንገረኝ። ባርኔጣውንም ከልብሱ ጋር ትላከው፤ ማታ ደግሞ አጥባ ትመልሰው» አሉኝ።